የጠመኔ ልክ

«ማን ነሽ?» አለኝ ቅጹ፣ «በአምስት መቶ ቃል።»
እስከ ዛሬ ያገኘኝ ሁሉ፣ የማን ልጅ ነሽ ይላል፣
ከዚያ ቁጥሬን ጽፎ ያልፋል።
እኔን ከራሴ አፍ የጠየቀኝ ይኸው የመጀመሪያው ነው፤
ምላሴ ግን «እኔ» ለማለት ገና ጥሬ ነው።
እናቴ ስታሳድገኝ፣
«ራሱን የሚያወድስ ምስክር ያጣ ነው» እያለች ነው የቆነጠጠችኝ።

ኮቺ ሄድኩ። ከሙራድ ኢንተርኔት ቤት
አስር ብር ከፍዬ አንድ ናሙና ገዛሁ፤
«ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰውን የመርዳት ጥልቅ ፍላጎት…»
የሰውዬውን ስም አጠፋሁ፣ ስሜን ተካሁ።

ቲቸር ደርቤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ፤
አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው ሰባት ወረቀት ሳቡ።
ሰባቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጥልቅ ፍላጎት ነበራቸው፣
ሰባቱም እዚያችው ቃል ላይ አንድ ፊደል ገድፈዋል።
«ረውዳ፣ ይቺን ልጅ አላውቃትም» አሉ።
«አንቺ ክረምቱን ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»
«ምንም። ውሃ ስለካ።»
«ምን ስትለኪ?»

የአባቴ የበርጩማ መሥሪያ አዌቱ ዳር ናት፤
ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሳያንኳኳ የሚገባባት።
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከሰሌዳ በተረፈ ጠመኔ
ግድግዳው ላይ ጭረት፣ ከጭረቱ ጎን ቀን፦
ሰኔ ሃያ ስድስት፣ ቁርጭምጭሚት።
ሐምሌ ሦስት፣ የመጋዙ እጀታ።
ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ጅሬን ከጠቆረ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶ፣ ጉልበት።
አባቴ «ግድግዳዬን አዥጎረጎርሽው» አለ፤
አንድ ቀን ግን፣ ምንም ሳይናገር፣
ግንዱን ሁሉ ከጭረቴ በላይ ሰቀለ።
ጎረቤቱ አባ ገሮም በሬን ማንኳኳት ለመዱ፤
«ረውዳ፣ ዛሬስ ይመጣል?»

«ይሄንኑ ጻፊው» አሉ ቲቸር።
«አንድ ሌሊት ግን ተሳስቻለሁ» አልኩ።
«ጅሬን ጥርት ብሎ ነበር። ተኙ አልኳቸው።
ዝናቡ ከወዲያኛው ጋራ ኖሯል የወረደው፤
ለሠርግ የታዘዙ አሥራ አንድ በርጩማዎች፣
የአባ ገሮ የሁለት ወር ላብ፣ ወደ ቦዬ ሄደ።
አንዷን ብቻ ደንገል መሃል አገኘናት፣
ሦስት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ።
አባ ገሮ አልሰደቡኝም።
ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ቲቸር ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት።
«ያቺ ሌሊት ካልገባች
እኔም ድጋፌን አልጽፍልሽ።»

ስምንት መቶ አርባ ቃል ወጣኝ።
አባቴ የዋንዛ ግንድ እየጠረበ ሰማኝ፤
መሬቱ ፍቅፋቂ ለብሷል።
«በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው» አለኝ፣
«ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው፤
ሰው መቀመጫውን ያያል፣
እኔ ግን የደከምኩት ለጣልኩት ነው።»

ገብቼ «ጥልቅ»ን ጣልኩ። «ታላቅ»ን ጣልኩ።
«የሀገሬን ስም ለማስጠራት»ን ትንሽ አቅማማሁና ጣልኩ።
«እኔ» የምትለዋን ስፈልግ ግን፣
ያለ ሐፍረት የተቀመጠችው አንድ ቦታ ነው፦
እኔ ተኙ አልኳቸው።

መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ፤
ሙራድ «ስድስት ደቂቃ ቀርቶሻል» አለ።
ቃሉን ቆጠርኩ፤ አራት መቶ ዘጠና ስምንት።
አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ እጁ ላይ ሰጋቱራ፣
«ስለ እኔ ጻፍሽ እንዴ?»
«ስለ ውሃው ነው አባ።»
«አሃ» አለ፣ ወደ ጅሬን ዞሮ እያየ፣
«ውሃው ምን አለ?»

ሁለት ቃል ተርፎኛል። አልነካኋቸውም፤
ዘንድሮም ክረምት አለ።